ወረቀቱ ላይ ያለው ማማ እና ኮረብታው ላይ ያለው ማማ

(ለወጣት መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኩትን እዚህ መልሼዋለሁ። ቀልዶቹ ግን ግማሾቹ ቀርተዋል፤ በጽሑፍ አያስቁም።)

እንደምን ዋላችሁ። የጋበዙኝ ሰዎች «ያረጁ የራዲዮ ማማዎችን ደህንነት እንዴት እንመርምር» የሚል ርዕስ ሰጥተውኛል። ርዕሱ ጥሩ ነው። «ያረጁ» የምትለዋ ቃል ግን አላስተኛችኝም። በእሷ ልጀምር።

ፖላንድ ውስጥ ግሊቪትሴ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራ የራዲዮ ማማ እስከ ዛሬ ቆሟል። ቁመቱ 110 ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው ከምን መሰላችሁ? ከእንጨት! ላርች ከሚባል የጥድ ዘመድ ነው። እንጨቶቹን ያያዟቸው የናስ ብሎኖች ናቸው፤ 16,000 ገደማ ይሆናሉ። ዘጠና ዓመት ዝናብና በረዶ ወርዶበታል።

እዚያው ፖላንድ፣ ኮንስታንቲኑፍ በሚባል መንደር አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሌላ ማማ ተተከለ። ይኼኛው ብረት ነው። 646 ሜትር። በዘመኑ ሰው ካቆመው ነገር ሁሉ ረጅሙ ነበር። ከእሱ የበለጠ ከፍታ ዓለም ያየው የዱባዩ ቡርጅ ኻሊፋ ሲመጣ ነው። ይህ ማማ 17 ዓመት ብቻ ቆሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1991 ወደቀ።

እንጨቱ ዘጠና ዓመት፣ ብረቱ 17 ዓመት። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ማማችን 40 ዓመቱ ነው፣ ያሰጋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ የለኝም። ዕድሜው ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ «የንድፍ ስዕሉ አላችሁ?» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ይሆናል።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቼ የያዝኩት ሐሳብ ይኼ ነው። የቆየ ማማ ሁሉ ሁለት ማማ ነው። አንዱ ወረቀቱ ላይ ያለው፣ መሐንዲሱ ያሰላው ነው። ሌላው ኮረብታው ላይ ያለው፣ ዝናብ የሚመታው፣ ሰው የሚወጣበት ነው። የተተከሉ ዕለት መንታ ነበሩ። ከዚያ በየዓመቱ ተለያዩ። አንዱ ጋ አንቴና ተጨመረ፣ ወረቀቱ አላወቀም። አንዱ ጋ ብረት ጎደለ፣ ወረቀቱ አላወቀም። ምርመራ የምንለው ነገር በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እየዞሩ መልቀም ነው።

ወደ ኮንስታንቲኑፍ ልመለስ፤ እዚያ የምንማረው አለ። ማማው በገመድ የተወጠረ ነበር። በአምስት የተለያየ ከፍታ፣ በየከፍታው ሦስት የብረት ገመድ፣ በድምሩ 15። በረጅም ሞገድ የሚያሠራጭ ስለነበር የፖላንድን ራዲዮ አውሮፓ ዳር እስከ ዳር ያሰማ ነበር። ብረቱ ራሱ አንቴና ነው። ስለዚህ እግሩ መሬት አይነካም፤ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ኢንሱሌተር ላይ ነው የተቀመጠው። እንግዲህ ገመዶቹን መቀየር ተጀመረ። በጎ ሥራ ነው፤ ጥገና ነው። የላይኞቹን ገመዶች ሲቀይሩ ግን በሦስቱ አቅጣጫ ያለው ሚዛን ተዛባ። ማማው መጀመሪያ ጎበጠ፣ ከዚያ ወገቡ ላይ ተሰበረ። ደግነቱ ሰው አልሞተም።

የወደቀው ጠጋኞቹ እጅ ላይ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ወጣቶች ስለሆናችሁ ነው። እኛ ስለ ነፋስ እናስባለን፣ ስለ ዝገት እናስባለን። ማማ ግን ሰው ሲነካካው በጣም ይደክማል። ገመድ ሲፈታ፣ አንግል (ማማው የሚገጣጠምበት ባለ ማዕዘን ብረት) ተነስቶ ሌላ ሊገባ ሲል፣ ከባድ ነገር ሲሰቀል። በዚያች ሰዓት ማማው በወረቀቱ ላይ የሌለ ሦስተኛ ማማ ነው። ማንም አላሰላውም።

አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ ሚዙሪ ሲቲ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1982 የሆነው ይኼው ነው። እንዲያውም ማማው አዲስ ነበር። አንቴና ወደ ላይ እየተሰቀለ ሳለ ማንሻውን የያዙት ብሎኖች ተበጠሱ። አንቴናው ሲወድቅ መወጠሪያ ገመድ ቆረጠ፤ ማማውም ተከተለ። አምስት ሠራተኞች ሞቱ። የሚያስቆጨኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። አንቴናውን የሚሰቅሉት ሠራተኞች የሠሩትን ማንሻ የአንቴናው መሐንዲሶች እንዲያዩላቸው ጠይቀው ነበር። መሐንዲሶቹ ኋላ ተጠያቂ እንሆናለን ብለው «አናይም» አሉ። ስሌቱ የታየው በክብደት ብቻ ነበር። ጭነቱ ከብሎኖቹ ፈንጠር ብሎ ሲንጠለጠል የሚያመጣውን ማጣመም የቆጠረው የለም። አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ያየ መሐንዲስ ያገኘው ነበር።

ስለ ነፋስም አንድ ነገር ልበል። ሰው የሚፈራው ዐውሎ ነፋስ ነው። እንግሊዝ አገር ኤምሊ ሙር የሚባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 1969፣ 385 ሜትር ያለው የቱቦ ማማ ሲወድቅ ነፋሱ ያን ያህል ኃይለኛ አልነበረም። ለስለስ ያለና የማያቋርጥ ነበር። ክብ ነገርን አልፎ የሚሄድ ነፋስ ከኋላው ግራና ቀኝ በየተራ አዙሪት ይተዋል። የአዙሪቱ ምት ከማማው ከራሱ ውዝዋዜ ጋር ከገጠመ፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እንደ መግፋት ይሆናል። በዚያ ላይ ብረቱና ገመዶቹ በረዶ ተጋግሮባቸው ነበር። (በረዶ ስል የእኛን፣ ከሰማይ የሚወረወረውን አይደለም፤ ብረት ላይ እንደ ጭቃ የሚለጠፈውን ነው።) ሲወድቅ አንዱ ገመድ የመንደሩን ጸሎት ቤት ሰንጥቆት አለፈ። ማንም አልተጎዳም። ኋላ እዚያው አገር በተመሳሳይ ንድፍ የተሠራውን የቤልሞንት ማማ ውዝዋዜ ለመግታት 150 ቶን ሰንሰለት ውስጡ ሰቀሉበት። ብሎኑንና ብረቱን ብቻ ብናይ ያንን አደጋ አናገኘውም ነበር። አጠገቡ የሚኖሩትን ሰዎች «ነፋስ ሲነፍስ ይጮኻል? ይንቀጠቀጣል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እሺ፣ ወደ አገራችን እንምጣ።

እኛ የሚጋገር በረዶ የለብንም። ሌላም ዕድል አለን። እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ነው። በ3000 ሜትር ከፍታ አየር ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይቀላል፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚገፋው በሩብ ያነሰ ነው። ግን ተረጋግታችሁ አትቀመጡ። ማማ የምንተክለው ተራራ ጫፍ ላይ ነው። ነፋስ ተራራ ሲወጣ ይፈጥናል። ግፊቱ ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስሱ አየር የሰጠንን ተራራው መልሶ ይወስደዋል።

ትልቁ ጣጣችን የተጨመረ አንቴና ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለተኛው የሞባይል ኦፕሬተር ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ማማ መጋራት» የሚለውን ቃል ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሁለት ማማ ጎን ለጎን ከማቆም አንዱን መጋራት ይሻላል። ግን ሒሳቡ ይሠራ። ስፋቱ 1.8 ሜትር የሆነ ዲሽ ወደ 2.5 ካሬ ሜትር ነፋስ ይይዛል። ባለ 3 ሜትሩ 7 ካሬ ሜትር ይይዛል። ቴክኒሻኑ «ትንሽ ከፍ ያለ ዲሽ ነው» ይላችኋል። ለነፋሱ ሦስት ዲሽ ሊሆን ምን ቀረው? ደግሞ 60 ሜትር ላይ ሲሰቀል እግሩ ላይ የሚያመጣው ጉልበት 20 ሜትር ላይ ከተሰቀለው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ነው። አሮጌውስ አንቴና? አሮጌው አይወርድም። ጣቢያው ከተዘጋ አሥር ዓመቱ ነው፣ አንቴናው እዚያው ነው። ገመዱም እዚያው ነው። ማውረጃ በጀት የለውማ!

ሁለተኛው የጎደለ ብረት ነው። የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ብረት እየተፈታ እንደሚሰረቅ፣ በዚህም ምክንያት ምሰሶ እንደሚወድቅ በዜና ሰምታችኋል። የራዲዮ ማማም ያው ብረት ነው። ሌባው የሚወስደው ቀጭኗን አግዳሚ ነው፤ ወፍራሙ እግር አይነቃነቅለትማ። ሰው ሁሉ «ቀጭኗ ናት የጠፋችው፣ ምንም አይል» ይላል። እስቲ አንድ ቀጭን ብረት አቁሙና ከላይ ጫኑት። ይጎብጣል። መሐሉን በጣት ደግፉትና ድገሙት። ያቺ ጣት አግዳሚዋ ናት። እሷ ስትነሳ የእግሩ ነጻ ርዝመት እጥፍ ይሆናል፤ ቀጭን ብረት ከሆነ የሚጎብጥበት ጭነት ወደ ሩብ ይወርዳል። እግሩ ላይ አንድ ግራም ዝገት ሳይኖር ማለት ነው።

ስለ ዝገት ብዙ ስለምታውቁ አላረዝምም። አንድ ሁለት ነገር ብቻ። ባለ 10 ሚሊ አንግል ከሁለቱም ፊት አንድ አንድ ሚሊ ቢበላ አምስተኛው ሄደ። ባለ 5 ሚሊው በዚያው መጠን ቢበላ 40 በመቶው ሄደ። ቀጭኖቹን መጀመሪያ እዩ። ከቱቦ የተሠራ እግር ደግሞ ውጪው አብረቅርቆ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ጭቃ ወይም ቀለም ይደፍነዋል፤ ውሃው ውስጥ ይከርማል። በድምፅ ሞገድ ውፍረት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ አለች። መሣሪያዋ ከሌለ በመዶሻ አንኳኩ። የሞላ ብረትና የቀጠነ ብረት ድምፃቸው አይመሳሰልም።

ቀለም ስል አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። አንድ ጣቢያ ተጠርቼ ሄድኩ። ከሩቅ ሳየው ማማው ቀይና ነጭ ለብሶ ሙሽራ መስሏል። ኃላፊው ኮራ ብሎ «ባለፈው ወር ነው ያስቀባነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። 12 ሜትር ላይ አንዱን ብሎን በክያቬ ነካ ሳደርገው ዳዶው በእጄ ላይ እንደ ብስኩት ፈረሰ። የያዘው ቀለሙ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ የተቀባ ማማ ሳይ ያመኛል። ቀለም ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ ቀለም።

በገመድ የተወጠሩት ላይ ልቆይ። የእነሱ ችግር ከዓይን ይደበቃል።

ገመዱ መሬት የሚገባበት ቦታ መልህቅ አለ። የብረት ዘንግ ነው፤ አፈር ውስጥ ገብቶ ከኮንክሪት ጋር ይያያዛል። ከላይ የምታዩት ክፍል ጋልቫናይዝድ ነው፣ ማለትም ዚንክ ተለብጧል፤ ንጹሕ ነው። ከአፈር በታችስ? አጠገቡ ለመብረቅ የተቀበረ የመዳብ ሽቦ አለ፣ ከዘንጉ ጋር ታስሯል። መዳብና ዚንክ እርጥብ አፈር ውስጥ ተያይዘው ሲቀመጡ ባትሪ ይሆናሉ። መጀመሪያ ዚንኩ ያልቃል፣ ቀጥሎ ብረቱ ይበላል፣ መዳቡ ምንም አይሆንም። መረሬ አፈር ውስጥ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እርጥበት አለ፤ ባትሪው አያርፍም። አንድ ጊዜ ቆፍረን ያየነው ዘንግ ከላይ የልጅ ክንድ ያክላል፤ ግማሽ ሜትር ወረድ ስንል እንደ ተርብ ወገብ ቀጥኗል። ማማው ለዓመታት በዚያች ቅጥነት ላይ ነበር።

መቆፈሩም ራሱ አደጋ አለው። አፈሩ መልህቁን ከያዙት ነገሮች አንዱ ነው። ሦስቱንም ባንድ ቀን አትክፈቱ። አንዱን፣ እሱንም በጥቂቱ፣ በጊዜያዊ መልህቅ ደግፋችሁ። ነፋስ ባለበት ቀን ጭራሽ አትሞክሩት። ኮንስታንቲኑፍን አስታውሱ።

የገመዱን ውጥረት ለመለካት ውድ መሣሪያ ካላችሁ መልካም። ከሌላችሁ እጅና የስልክ ሰዓት ይበቃል። ክራር የሚቃኝ ሰው ይኼ ወዲያው ይገባዋል፤ ክሩ ሲላላ ድምፁ ይወፍራል፣ ማለትም ቀስ ብሎ ይርገበገባል። ገመዱም እንዲሁ ነው። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ክብደቱ በሜትር 1 ኪሎ ነው እንበል። በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ወዝውዙትና ቁጠሩ። በ40 ሰከንድ 25 ጊዜ ሄዶ ከተመለሰ ውጥረቱ 1.6 ቶን አካባቢ ነው። 20 ጊዜ ከሆነ 1 ቶን ገደማ ነው። በቆጠራው አምስት ብቻ ጎደለ፤ ከውጥረቱ ግን ከሦስተኛው በላይ ሄደ። ሲተከል በተለምዶ የሚሰጠው ውጥረት የገመዱን መበጠሻ አቅም አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የዚህ ዓይነቱ ገመድ ወደ 16 ቶን ይችላል፤ ስለዚህ 1.6 ቶን ልክ ነው፣ 1 ቶን ላላ። የአየሩን ሙቀትም መዝግቡ፤ ቀን ላይ ብረቱ ሲሞቅ ገመዱ ይረዝማል፣ ይላላል።

ቀጥ ማለቱን ለማየት ማለዳ ሂዱ። ፀሐይ አንዱን ጎን ካሞቀችው በኋላ ማማው ራሱ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ጠማማ ሳይሆን ጠማማ ትሉታላችሁ። ብዙዎች የሚጠቀሙበት የአሜሪካው መለኪያ፣ ቲአይኤ-222፣ ለአንግል ማማ የሚፈቅደው ከቁመቱ 400ኛውን ነው። ለ60 ሜትር 15 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ይኸው መለኪያ በገመድ የተወጠረውን በየሦስት ዓመቱ፣ በራሱ እግር የቆመውን በየአምስት ዓመቱ እዩ ይላል። ከባድ ነፋስ ካለፈ በኋላም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኮምፒውተር የሚከፈተው። የቢሮ ልጆች ተገላቢጦሽ ይሠሩታል። ወረቀቱን ይዘው ሞዴል ይሠራሉ፣ እግሩ የአቅሙን 87 በመቶ ተጭኗል የሚል ቁጥር ይወጣል፣ አረንጓዴ ይቀባል፣ ሪፖርት ይሆናል። የሞዴሉ ማማ አንድም ብሎን አልጎደለበትም። ሞዴሉ ላይ የዛገውን አቅጥኑ፣ የጠፋውን አጥፉ፣ የተጨመረውን አንቴና ከነገመዱ ስቀሉ። 87ቱ 130 ሲሆን ያኔ እናውራ።

ቁጥሩ ከ100 ሲያልፍ ደግሞ ማማው ይፍረስ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የማይሠሩትን አንቴናዎች አውርዱ። ርካሽ ነው፣ ብረት አይጠይቅም፣ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ አግዳሚ ይጨመራል፣ እግሩ ይደረባል። ብየዳ ላይ ጥንቃቄ፤ ጭነት ላይ ያለን እግር ስትበይዱት ለዚያች ሰዓት እያለሰለሳችሁት ነው፤ ዚንኩም ይቃጠላል። እኔ ብሎን እመርጣለሁ።

ለሚወጡት አንዲት ቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ከታች ዞራችሁ እዩ፤ ለመውጣት የማይመች ማማ አለ፣ «አልወጣም» ማለት ነውር የለውም። መካከለኛ ሞገድ የሚያሠራጭ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ራሱ አንቴና ነው። ጣቢያው ሳይጠፋ፣ መጥፋቱንም በዓይናችሁ ሳታረጋግጡ አትንኩት። በኮንስታንቲኑፉ እግር ላይ የነበረው ቮልቴጅ 120,000 ነበር።

ስዕል ለሌለው ማማ ምን እናድርግ ብሎ አንድ ልጅ ጠይቆኝ ነበር። ለኩ። እያንዳንዱን አንግል ለኩ፣ ብሎን ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፤ ድሮን ካለ ያግዛል። ጥበቃውንም ጠይቁ። የቀለድኩ መስሏችሁ ሳቃችሁ፤ የምሬን ነው።

አንድ ኮረብታ ላይ ስዕሉ የጠፋ ማማ ስንመረምር አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ነበሩ። ማማው ሲተከል ጀምሮ እዚያው ናቸው። ሻይ አፍልተው ጠሩንና «ልጄ፣ እሷን እኮ እኔ ነኝ የማውቃት» አሉኝ፤ ማማዋን ነው። ትልቁ ዲሽ የወጣ ዓመት ሠራተኞቹ መንገድ ስለዘጋባቸው ሁለት አግዳሚ ፈትተው እንዳልመለሱ ነገሩኝ። «የት አደረጓቸው አባባ?» አልኳቸው። በእጃቸው ወደ ጎጇቸው ጠቆሙኝ። ሁለቱም የቆርቆሮ ጣሪያቸውን ደግፈው ቆመዋል፤ ዚንካቸው እንኳ አልደበዘዘም። ለካን፤ ልኩ ገጠመ። ሞዴላችን ላይ ያልገባን ቦታ ተፈታ።

ጎጆዋ ደግሞ ማማው እግር ስር ነበረች። ከሪፖርታችን የመጀመሪያው መስመር እሷ ከዚያ ትነሳ የሚል ነበር። ሽማግሌው ብዙ አልወደዱትም። እዚያ ጥላ አለ፣ ነፋስ አይመታም ነው የሚሉት። ተለማምጠን 70 ሜትር ያህል ራቅ አድርገን፣ በሌላ ብረት ደግፈን ሠራንላቸው። አግዳሚዎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በቀጣዩ ዓመት ስሄድ አዲሱ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የዶሮ ቤቱ ግን እዚያው ማማው ስር ነው።